ከመድኃኒት በፊት ምግብ

ሰው ሲታመም ቶሎ የሚጠይቀው «ምን ልዋጥ?» ብሎ ነው። የጥንቱ የቻይና ሐኪም ግን አስቀድሞ የበሽተኛውን አመጋገብ ይመረምር ነበር።

በታንግ ነገሥታት ዘመን የነበረው ስመ ጥሩው ሐኪም ሱን ሲሚያው፣ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ652 ገደማ ባዘጋጀው መጽሐፍ ለምግብ ሕክምና አንድ ክፍል መድቧል። ትምህርቱም ሐኪም በሽታውን በመጀመሪያ በምግብ ያክም፤ ምግብ ያልፈወሰውን በመድኃኒት ይከተል የሚል ነው። በ1330ም ሁ ሲሁይ የተባለው የቤተ መንግሥት ምግብ ዐዋቂ ለሞንጎሉ ንጉሠ ነገሥት ስለ ምግብ የጻፈውን መጽሐፍ አበረከተ።

በዚህ ሕክምና እምነት ማንኛውም ምግብ የራሱ ጠባይ አለው። ዝንጅብል ያሞቃል፤ ሐብሐብ ያበርዳል። ስለዚህ ብርድ ለገባው ሰው ዝንጅብል፣ ደረቅ ሳል ለያዘው ደግሞ የበሰለ ፒር የተባለው ፍሬ ይታዘዛል።

ይህን ሁሉ ሳይንስ አረጋግጦታል ማለት አይደለም። ነገር ግን የቻይና ሐኪሞች ማታ ማየት ለተሳነው ጉበት፣ እንቅርት ላወጣው የባሕር አረም ይሰጡ ነበር። ዛሬ ምክንያቱ ታውቋል፤ ጉበት ቪታሚን ኤ፣ የባሕር አረምም አዮዲን አለው።

ታዲያ አንባቢ ሆይ፣ ጥበቡ ያለው በቅደም ተከተሉ ነው። ሱን ሲሚያው «ምግብ ብቻ» አላለም። የሳንባ ነቀርሳ በሾርባ አይድንም፤ መድኃኒቱን ትቶ ሾርባ የሚጠጣ ራሱን ይጎዳል። እንደዚሁም ምሳውን በሻይ እያለፈ ለራስ ምታቱ ክኒን የሚገዛ ተማሪ ወይም የቢሮ ሠራተኛ፣ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አስቀድሟል።