ያውቁ ኖሯል? የቀን ፀሐይ ለማታ እንጀራ

በጎጃም የደብረ ኤልያስ ገበሬ ከዕለት ቀለቡ የተረፈውን ስንዴ ጎተራ ያስገባል። ኔት ሜተሪንግ የሚባለው አሠራርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጣሪያ ላይ ያለው ሶላር ቀን ያመረተው ከቤቱ ሲተርፍ በመብራት መስመሩ ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ማታ ቤተሰቡ ከመስመሩ ይወስዳል፤ የሚከፈለው ልዩነቱ ብቻ ነው።

ያውቁ ኖሯል? አሜሪካ ውስጥ የሚኒሶታ ግዛት ይህን አሠራር በሕግ የደነገገችው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው።

ባለ ዲስኩ የድሮ ቆጣሪ ኃይል ወደ ውጭ ሲወጣ ወደ ኋላ ይሽከረከራል። ከዲጂታሎቹ መካከል ግን የሰጡትንም እንደ ወሰዱት የሚቆጥሩ አሉ! ስለዚህ ወጪና ገቢውን ለይቶ የሚመዘግብ ቆጣሪ የግድ ያስፈልጋል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 4 ኪሎዋት ገደማ ይጠይቃል። የ1 ኪሎዋት ሶላር ደግሞ በጠራ የበጋ ቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያመርታል። ቀትር ላይ እንኳ ለብቻው ምጣዱን አያግልም፤ ቀኑን ሙሉ ለመስመሩ የሰጠው ሲደመር ግን የአንድ ሰዓት ጋገራ ይሸፍናል።

ያውቁ ኖሯል? ፓኔል የሚወደው ብርሃንን እንጂ ሙቀትን አይደለም። ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር፣ በየዲግሪው 0.4 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። የጎጃም ደጋ ብርድ ይስማማዋል።

ደብረ ኤልያስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ላይ በመሆኗ፣ ፓኔሉ በጥቂቱ ወደ ደቡብ ዘንበል ቢል ይበቃል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ግን የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች።

የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚመነጭ ነው። በበጋ ግድቡ ሲጎድል ፀሐይዋ ትበረታለች፤ ከጣሪያ የሚገኘው ኃይል ያን ያህል ውሃ ያተርፋል።

ጎረቤታችን ኬንያ በ2019 እ.ኤ.አ. ኔት ሜተሪንግን በኢነርጂ ሕጓ አካታለች። በእኛ ገጠር የሚታየው ሶላር በአብዛኛው ከመስመር ያልተገናኘ ባለ ባትሪ ነው፤ ባትሪው ቀትር ላይ ከሞላ የከሰዓቱ ፀሐይ ባክና ትቀራለች። ይህ ብክነት ያስቆጫል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው፦ ከመስመር ጋር የተያያዘ፣ ባትሪ የሌለው ሶላር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ብትሆንም። የፓኔሉን ኃይል ለመስመሩ እንዲስማማ የሚቀይረው ኢንቨርተር መስመሩ መሞቱን እንዳወቀ በቅጽበት ይቆማል። ባይቆም ኖሮ ከጣሪያው የሚወጣው ኃይል በትራንስፎርመሩ በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ በከፍተኛ ቮልቴጅ ምሰሶው ላይ ይደርሳል፤ እዚያ ደግሞ “መስመሩ ጠፍቷል” ብሎ ሽቦ የጨበጠ ሠራተኛ አለ።

ስለዚህ የሶላር ኢንቨርተርም ሆነ ጄኔሬተር ካለዎት፣ በግድግዳ ሶኬት በኩል ከቤቱ መስመር ጋር በጭራሽ አያገናኙ።