ለኮምፒውተር ሙያ የሚሰጠው፦ ከመተግበሪያ ሶፍትዌር ጋር ትውውቅ

አዲስ ኮምፒውተር ከካርቶኑ ወጥቶ ሲበራ ሰዓት ይቆጥራል፣ ፋይል ያስቀምጣል፣ ከኢንተርኔት ጋር ይገናኛል። የሠራተኛ ደመወዝ ማስላት፣ የሕንፃ ፕላን መንደፍ ወይም የታካሚ ካርድ መመዝገብ ግን አይችልም። እነዚህን ሙያዎች የሚያገኘው መተግበሪያ ሶፍትዌር ሲጫንበት ነው። ሰው አንድን የራሱን ሥራ እንዲሠራበት ታስቦ የተጻፈ ፕሮግራም ሁሉ መተግበሪያ ይባላል። ደብዳቤ የምንጽፍበት ዎርድ፣ ገንዘብ የምንልክበት ቴሌብር፣ ከዘመድ ጋር የምናወራበት ቴሌግራም ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው።

ከመተግበሪያው ሥር ሌላ የሶፍትዌር ዓይነት አለ። ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ፣ አንድሮይድና አይኦኤስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይባላሉ። የእነሱ ድርሻ የማሽኑን ጉልበትና ማከማቻ ለፕሮግራሞች ማከፋፈል፣ ኪቦርዱን፣ ካሜራውንና ፕሪንተሩን ማዘዝ ነው። ነገሩ እንደ ገበያ ነው፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ መደብ የሚያከፋፍለውና መብራቱንና ጥበቃውን የሚያሟላው አስተዳደር ሲሆን፣ መተግበሪያው ጤፍ የሚሰፍረው ነጋዴ ነው። ሸማች የሚመጣው ነጋዴውን ፈልጎ ነው፤ ነጋዴው ግን ያለ አስተዳደሩ ሥራውን አይጀምርም።

ሶፍትዌር ራሱን የቻለ ሸቀጥ ሆኖ ለመታየት ጊዜ ወስዶበታል። አይቢኤም ለብዙ ዓመታት ፕሮግራሞቹን ከማሽኑ ዋጋ ጋር አጠቃልሎ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ሶፍትዌርን ለብቻው ዋጋ አውጥቶ እንደሚሸጥ ሲያስታውቅ፣ ማሽን የማይሠሩ፣ ፕሮግራም ብቻ ጽፈው የሚያድሩ ድርጅቶች ገበያ ሰፋላቸው።

የመተግበሪያን ጉልበት ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው ግን ቪዚካልክ የተባለው የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም ነው። ዳን ብሪክሊን በሃርቫርድ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ይማር በነበረበት ጊዜ፣ መምህሩ የሒሳብ ሠንጠረዥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲሠሩ ያስተውላል። አንድ ቁጥር ከተቀየረ በእሱ ላይ የተመሠረቱት ሁሉ እየተሰረዙ እንደገና ይጻፋሉ። ብሪክሊን ይህን ድካም ማሽኑ ቢሸከመውስ ብሎ አሰበ፤ ከጓደኛው ከቦብ ፍራንክስተን ጋር ሆኖም ሠራው። ቪዚካልክ እ.ኤ.አ. በ1979 ለአፕል 2 ኮምፒውተር ለገበያ ቀረበ። ተጠቃሚው አንዱን ቁጥር ሲለውጥ ሠንጠረዡ በሙሉ በቅጽበት ይታረማል። አፕል 2 ገበያ ላይ ከዋለ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ ብዙ ነጋዴዎችና የሒሳብ ሰዎች ግን ማሽኑን መግዛት የጀመሩት ለዚህ ፕሮግራም ሲሉ ነው። በኋላ ሎተስ 1-2-3፣ ከዚያም ኤክሴል የተከተሉት ይህንኑ መንገድ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ጥሩ መተግበሪያ የሚወለደው ሥራውን ከሚያውቅ ሰው መሆኑን ነው። ብሪክሊን ኮድ መጻፍ ይችል ነበር፤ ለውጤት ያበቃው ግን የሒሳብ ሠራተኛው የት ላይ እንደሚደክም ማየቱ ነው። የመተግበሪያ ዓይነቶችንም በዚህ ዓይን ስናያቸው መልክ ይይዛሉ።

የመጀመሪያው መለያ የሥራው ዓይነት ነው። ዎርድና ኤክሴል ለማንም ሙያ የሚሆኑ ናቸው፤ ተማሪውም፣ ጠበቃውም፣ ነጋዴውም ይጠቀምባቸዋል። ሌሎች ለአንድ ሙያ ብቻ ይሠራሉ፤ ለንድፍ አውቶካድ፣ ለሕንፃ አወቃቀር ስሌት ኢታብስ፣ ለፎቶ ፎቶሾፕ አሉ። በኢትዮጵያ የሒሳብ ሠራተኛ የሚፈልግ ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ «ፒችትሪ የሚችል» ይላል፤ ፕሮግራሙ በአገሩ ስሙን ወደ ሴጅ 50 ከቀየረ በኋላም እኛ ዘንድ የቀድሞ ስሙ አልለቀቀውም። ሦስተኛው ወገን አንድን ተቋም ከላይ እስከ ታች የሚያስተሳስር ነው። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። መሠረቱ ከአፓርታይድ መውደቅ በኋላ በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ የጤና መረጃ ሥራ ሲሆን፣ ዛሬ ልማቱን የሚመራው በኖርዌይ የሚገኘው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጤና ጣቢያ ላይ የሚሞላው ሪፖርት እስከ ሚኒስቴሩ ድረስ የሚደርሰው በእንዲህ ያለ ሥርዓት ነው።

ሁለተኛው መለያ መተግበሪያው የሚኖርበት ቦታ ነው። በኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ግን ሥራችንም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። በብሮውዘር የሚከፈተው፣ ለምሳሌ ጉግል ዶክስ፣ ሰነዱን የሚያስቀምጠው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሆነ ከየትም ቦታ ይገኛል፤ አዲስ አበባና ዋሽንግተን ያሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ገጽ ላይ አብረው ይጽፉበታል። ኔትወርክ ሲቋረጥ ግን ሥራው ይስተጓጎላል። የስልክ መተግበሪያ ደግሞ አፕል እ.ኤ.አ. በ2008 አፕ ስቶርን 500 ያህል መተግበሪያዎች ይዞ ከከፈተ ወዲህ የሁሉም ሰው ሆነ።

አራተኛ ቦታም አለ፤ ለአገራችን ትልቅ ዋጋ ያለው እሱ ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር በዘመናዊ ስልክ መተግበሪያ አለው፤ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ ሰው ደግሞ *127# ደውሎ በሚመጣለት ዝርዝር ቁጥር እየመረጠ ገንዘብ ይልካል። በዚህ ጊዜ ስልኩ ላይ የተጫነ ነገር የለም። ፕሮግራሙ የሚሠራው በቴሌው ሰርቨር ላይ ነው፤ ስልኩ ጽሑፍ ተቀብሎ ያሳያል፣ መልስ ይመልሳል። በሳምራዊት ፍቅሩ የተመሠረተው ራይድም በዚሁ መንፈስ የተሠራ ነው፤ መተግበሪያ የሌለው ተሳፋሪ 8294 ደውሎ ታክሲ ይጠራል፣ የጥሪ ማዕከሉ ሠራተኛ ትእዛዙን ያስገባል፣ ሾፌሩ ስልኩ ላይ ይደርሰዋል። ተጠቃሚዎቹ በእጃቸው ምን ስልክ እንዳለ ያየ ሰው የሠራው መሆኑ ይታወቃል።

ሦስተኛው መለያ ባለቤትነት ነው። አንዳንዱን አንዴ ከፍለን እንጠቀምበታለን። አንዳንዱ እንደ ኪራይ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ይከፈልበታል፤ የፎቶሾፕ ባለቤት አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደዚህ አሠራር ዞሯል። እንደ ሊብሬኦፊስ ያለው ኮዱ ክፍት ነው፤ ማንም በነፃ ይወስደዋል፣ ያየዋል፣ ያሻሽለዋል። በእኛ ዘንድ የተለመደ ሌላ መንገድም አለ፤ ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር። ዋጋ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ቁልፉን የሰበረው ሰው ምን እንደጨመረበት ተጠቃሚው አያይም፣ የደኅንነት ማሻሻያም በወጉ አያገኝም። የድርጅቱን ሒሳብ ወይም የደንበኞቹን መረጃ ለእንዲህ ያለ ፕሮግራም አሳልፎ መስጠት ከባድ አደጋ ነው። ነፃና ሕጋዊ አማራጭ እያለ ደግሞ አስፈላጊም አይደለም።

መተግበሪያ ብቻውን ሊፈታው የማይችለውን ችግር ፊደላችን በሚገባ አሳይቶናል። በቀድሞዎቹ ኮምፒውተሮች የአንድ ፎንት የኮድ ቦታ 256 ብቻ ነበር፤ የግእዝ ፊደላት ደግሞ ከነዝርያቸው ከዚህ ይበልጣሉ። ስለዚህ የአማርኛ መጻፊያ የሠሩ ባለሙያዎች ፊደሉን በተለያዩ ፎንቶች ከፋፍለው፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ኮድ አሰፈሩት። ሥራቸው ብርቱ ነበር፤ ጋዜጣና መጽሐፍ በአማርኛ በኮምፒውተር የተለቀመው በእነሱ ጥረት ነው። ነገር ግን በአንዱ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ለዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ የሚሰጠው ዩኒኮድ የተባለው መስፈርት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ፣ ለእያንዳንዱ የግእዝ ፊደል የራሱን ቋሚ ቁጥር ሰጠው። ቀጥሎም ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግእዝ ፎንት ይዞ መጣ። ዛሬ በስልክ የተጻፈ የአማርኛ መልእክት ቴል አቪቭም ዱባይም ሳይበላሽ የሚነበበው ከመተግበሪያው ሥር ያለው መሠረት ስለተስተካከለ ነው።

እንግዲህ መተግበሪያ ስንመርጥ ከማማሩ በፊት ልንጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። የምሠራው ሥራ የሚቀመጠው የት ነው? ነገ ፕሮግራሙን መቀየር ብፈልግ መረጃዬን ይዤ መውጣት እችላለሁ? የእጅ ባትሪ የሚያበራ መተግበሪያ የስልክ ማውጫዬን ለማየት ፈቃድ የሚጠይቀው ለምንድን ነው? መልስ የሌለውን አለመጫን ይሻላል።

በየዩኒቨርሲቲው ፕሮግራም መጻፍ ለሚማሩ ወጣቶቻችን ደግሞ የቪዚካልክ ታሪክ መንገድ ያሳያል። ከመርካቶ ጅምላ ሻጭ፣ ከወረዳ መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ከቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ያዥ አጠገብ ተቀምጠው ሥራው የት ላይ እንደሚደጋገምና የት ላይ እንደሚሳሳት ይመልከቱ። ኮዱን ከማንም ሊማሩት ይችላሉ፤ የሥራውን እውቀት የሚያገኙት ግን ከእነዚህ ሰዎች ብቻ ነው።