እሳት ሲበዛ ብርድ ይጨምራልን? በላምባ ስለሚሠራው የክትባት ማቀዝቀዣ ተረትና እውነታ

የክትባት መርሐ ግብር በአገራችን በ1972 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ መብራት ባልገባበት ገጠር ክትባቱ እንዳይበላሽ ሲጠብቅ የኖረው በአብዛኛው በላምባ የሚነድ ማቀዝቀዣ ነው። ዛሬ በፀሐይ ኃይል የሚሠራው በብዙ ቦታ ቢተካውም፣ ስለ ላምባው የተወረሰው የተሳሳተ እምነት ገና አልጠፋምና፣ እንደ ዋግ ኽምራ ባለ ገደላማ አገር ክትባት ከሰቆጣ ተጭኖ ጤና ኬላ እስኪደርስ የሚጠይቀውን ድካም የሚያውቅ ሰው ይህን እምነት በዝምታ ሊያልፈው አይገባም።

ከሁሉ የከፋው፣ ማቀዝቀዣው ሲደክም እሳቱን ማበርታት ብርዱን ይጨምራል የሚለው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 ፕላተንና ሙንተርስ የተባሉ ሁለት የስዊድን ተማሪዎች የፈለሰፉት ይህ መሣሪያ፣ በውስጡ የሚሽከረከር ሞተር የለውም፤ እሳቱ ከውኃ ጋር የተዋሐደውን አሞንያ አፍልቶ ተኑን ወደ ላይ ይሰድዳል፣ ተኑ በጀርባው ቱቦ በርዶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ፈሳሹም ወደ ውስጥ ወርዶ ከሃይድሮጅን ጋር ሲገናኝ እንደ ገና እየተነነ የክፍሉን ሙቀት ይወስዳል፣ በመጨረሻም ተመልሶ ከውኃው ጋር ይዋሐዳል። አረቄ የምታወጣ ሴት፣ እሳቱ ከመጠን ሲያልፍ አረቄው ውኃ ውኃ እንደሚል ታውቃለች፤ እዚህም እንዲሁ ነበልባሉ ሲበዛ ውኃው ራሱ ከአሞንያው ጋር ተንኖ ይወጣና የብርዱን ሥራ ያውካል።

በዚህ ላይ ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናትና፣ አየሩ ስለሚሳሳ ነበልባሉ በቀላሉ ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫው ነበልባል ጥላሸት ይወልዳል፣ ጥላሸቱም የጭስ መውጫውን ለብሶ ሙቀቱን ይጋርዳል፣ ሠራተኛውም ብርዱ ቀነሰ ብሎ ክሩን ከፍ ባደረገ ቍጥር ጥላሸቱ ይበረክታል። እንግዲህ የሚገባው እሳቱን አጥፍቶ ክሩን አስተካክሎ መከርከም፣ የጭስ መውጫውንና በውስጡ የተንጠለጠለውን ብረት መጥረግ፣ ነበልባሉን ሰማያዊ እስኪሆን ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያም አንድ ሙሉ ቀን መታገሥ ነው፤ ይህ መሣሪያ በባሕርዩ አዝጋሚ ነውና በሁለትና በሦስት ሰዓት አይፈረድበትም።

ፈሳሹን የሚያወርደው የገዛ ክብደቱ ስለሆነ፣ የቤቱ ወለል ካዘነበለ መንገዱ ይሰናከላል፤ ስለዚህ በግንበኛ ውኃ ልክ ቁመቱንም ወርዱንም መለካት ያስፈልጋል። ጀርባውም ከግድግዳው ራቅ ብሎ አየር ሊያገኝ ይገባል።

ገልብጦ ማቆየት ሁሉን ይፈውሳል የሚሉም አሉ። አንዳንዴ በእርግጥ የተዘጋውን ይከፍታል፤ ነገር ግን በብዙ እሳት የተቃጠለ ዝቃጭ ቱቦውን ከደፈነው መገልበጥ አይረዳም።

ብርድ በበዛ መጠን ክትባቱ ይጠበቃል ማለትም አደገኛ ስሕተት ነው፤ ልኩ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሲሆን፣ የቲታነስና የጉበት በሽታ ክትባት አንዴ በረዶ ከሆነ ኃይሉን ያጣል።

በጀርባው ቱቦ ላይ ቢጫ ዱቄት ቢታይ ወይም አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአሞንያ ሽታ ቢመጣ ግን ቱቦው ተበስቷልና፣ እሳቱን ወዲያው ማጥፋት፣ በርና መስኮቱን መክፈት፣ ክትባቱንም በረዶ ወዳለበት ሣጥን ማዛወር ይገባል።