ራም ጨምራችሁ ላፕቶፓችሁ ስታክ ማድረግ ጀመረ?

«ይፈጥናል» ተብዬ ላፕቶፔ ላይ 4 ጂቢ ራም ጨመርኩ። በነጋታው ስታክ በስታክ ሆነ፤ ማውሱ እንኳን አይንቀሳቀስም። ዊንዶውሱ መስሎኝ ፎርማት ላስደርገው ነበር። እናንተ ግን ከፎርማት በፊት እነዚህን ሞክሩ።

1. ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነም አውጡት። ከዛ አዲሱን ራም አውጥታችሁ በድሮው ብቻ ክፈቱት።

2. አሁን ፋይላችሁን ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ለምን አሁን? የተበላሸ ራም ፋይሉንም እያበላሸ ሊገለብጥ ይችላል። የመመረቂያ ጽሑፍ እየሠራችሁ ከሆነ ይሄ ቀልድ አይደለም።

3. ስታኩ ከቆመ፣ የአዲሱን ራም ወርቃማ ጥርሶች በላጲስ ቀስ ብላችሁ አጽዱና በድሮው ቦታ ብቻውን ሰክታችሁ ሞክሩት። አሁንም ስታክ ካደረገ ጥፋቱ የራሙ ነው ወይ ለላፕቶፓችሁ አይሆንም። ደህና ከሠራ ግን ወይ ሁለቱ ራሞች አልተስማሙም፣ ወይ ሁለተኛው ማስገቢያ ችግር አለበት።

4. ጽሑፉን አንብቡ። ዲዲአር3 ከሆነ፣ «ፒሲ3ኤል» የሚለው በ1.35 ቮልት ይሠራል፤ «ኤል» የሌለው 1.5 ቮልት ይፈልጋል። ሁለቱም ማስገቢያው ውስጥ ልክክ ብለው ይገባሉ፤ 1.35 ብቻ የሚሰጥ ላፕቶፕ ላይ ግን ባለ 1.5ቱ ያስቸግራል። የኔም ችግር ይሄው ነበር።

ስለዚህ ራም ልትገዙ ስትሄዱ የድሮውን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። ባለሱቁ «ገባ እኮ!» ቢላችሁ፣ መግባትና መሥራት ይለያያሉ። ካልሠራ እንደሚቀይርላችሁም ሳትከፍሉ ተነጋገሩ።