የጊዳቦ ወንዝ ከደጋው እስከ አባያ ሐይቅ፤ የላይኛው ተፋሰስ አያያዝ የታችኛውን ልማት ይወስናል

አንድ ወንዝ ከመነሻው እስከ መድረሻው በሚያደርገው ጉዞ ፍጥነቱ፣ መጠኑ፣ ቀለሙና የሚሸከመው ደለል ይለያያል። ለዚህም ከስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ከፍታዎች ተነስቶ ወደ አባያ ሐይቅ የሚፈሰው የጊዳቦ ወንዝ ጥሩ ማሳያ ነው።

ወንዙ ከሲዳማ ደጋማ አካባቢዎች የሚነሳ ሲሆን፣ በዲላ ከተማ በኩል የሚያልፈውን ለገዳራን የመሳሰሉ ገባሮች ከጌዴኦ ዞን ይቀላቀሉታል። በዞኑ ደቡባዊ ክፍል የይርጋ ጨፌ አካባቢ ውሃዎች ደግሞ በገላና ወንዝ አማካይነት ወደዚሁ ሐይቅ ያመራሉ።

በመነሻው አካባቢ መሬቱ ተዳፋት በመሆኑ ውሃው በጠባብ ሸለቆ በፍጥነት ይወርዳል፤ ጉልበቱም ወለሉን ይሸረሽራል፣ ድንጋይም ያንከባልላል። ሆኖም መሬቱ በዕፅዋት ከተሸፈነ ዝናቡ ወደ መሬት ሰርጎ በምንጭ መልክ ቀስ በቀስ ስለሚወጣ ወንዙ በበጋም አይነጥፍም። ከገደብ እስከ ዲላ በሚዘልቀው የጌዴኦ ምድር እንሰት፣ ቡናና አገር በቀል ዛፎች በአንድ ማሳ ላይ ተደራርበው የሚለሙበት ነባር ሥርዓት ይህን ተግባር ሲያከናውን ኖሯል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መመዝገቡም የሚታወስ ነው።

በመካከለኛው ክፍል ገባሮች ስለሚጨመሩ የውሃው መጠን ያድጋል፤ ነገር ግን ከከተሞች የሚወጣ ፍሳሽና ቆሻሻም አብሮ ይጨመራል። በቡና መልቀሚያ ወራት ከእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች የሚወጣ ገለባና ፍሳሽ ሳይጣራ ወደ ወንዝ ከተለቀቀ፣ በሚበሰብስበት ጊዜ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ስለሚያሟጥጥ በውሃ ውስጥ የሚኖሩ ፍጥረታትንና ውሃውን በሚጠቀመው ኅብረተሰብ ላይ ጉዳት ያደርሳል።

ወንዙ ወደ ቆላው ሲወርድ ተዳፋቱ ይቀንሳል፤ ፍሰቱ ይዘገያል፤ እየተጠማዘዘም ይጓዛል። የዘገየ ውሃ ደለል መሸከም ስለማይችል የተሸከመውን በየሜዳው ያራግፋል፤ በመድረሻውም ረግረግ ይፈጥራል። ከ13 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት እንዲያለማ ታቅዶ የተገነባውና በየካቲት 2011 ዓ.ም. የተመረቀው የጊዳቦ የመስኖ ግድብ የሚገኘው በዚሁ የታችኛው ክፍል ነው። ግድብ ፍሰትን ስለሚገታ ከላይ የተሸረሸረው አፈር በቅድሚያ የሚከማቸው በግድቡ ውስጥ ይሆናል፤ ይህም የውሃ መያዣ አቅሙንና የአገልግሎት ዘመኑን ያሳጥራል።

የጊዳቦ መጨረሻ ባሕር ሳይሆን ሐይቅ ነው። አባያ ከፍ ባለ ጊዜ ወደ ጫሞ የሚሻገር ውሃ ቢኖረውም፣ አብዛኛው ውሃው የሚቀንሰው በትነት ነው። ስለሆነም ወደ ሐይቁ የገባው ደለል መውጫ የለውም። የአባያ ውሃ ቀይ ቡናማ መልክ የያዘውም በውስጡ በተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ምክንያት ነው።

የጊዳቦ ተፋሰስ የሲዳማ፣ የኦሮሚያና የደቡብ ኢትዮጵያ ክልሎችን የሚያካልል በመሆኑ በአንድ ወረዳ የሚፈጸም ጥፋት ጉዳቱ የሚታየው በሌላው ነው። አዋጅ ቁጥር 534/1999 የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት እንዲቋቋሙ የደነገገው ውሃ በአስተዳደር ወሰን የማይገታ በመሆኑ ነበር። ከዚያ ወዲህ አደረጃጀቱ ቢለዋወጥም ምክንያቱ አልተለወጠም።

በመሆኑም በደጋው የሚሠራ እርከን፣ የሚጠበቅ የዛፍ ሽፋንና በየጣቢያው የሚዘጋጅ የፍሳሽ ማጣሪያ ጉድጓድ ለቆላው መስኖና ለሐይቁ ዓሣ ሀብት እንደሚደረግ ኢንቨስትመንት ሊታዩ ይገባል። የወረዳና የዞን ዕቅዶችም የየአካባቢውን ወሰን ብቻ ሳይሆን ወንዙ የሚያልፍበትን መስመር በሙሉ ተከትለው ሊዘጋጁ ይገባል።