ላም አለኝ በሰማይ፦ ለልጆቻችን የምንገዛው ጌም የማን ነው?

ዛሬ ከፖለቲካው ወጣ ብለን ሁላችንም ሳሎን ውስጥ ስላለ ጉዳይ እንነጋገራለን። ወላጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ነገር ነው፦ «ልጁ ጌም ግዛልኝ ይላል፤ ሲዲውን ልግዛለት ወይስ በካርድ ከፍዬ ከኢንተርኔት ያውርደው?» ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ግን አንድ አዲስ ጌም 70 ዶላር፣ አንዳንዱም 80 ዶላር በገባበት ጊዜ ሁለትና ሦስት ልጅ ያለበት ቤት በዓመት የሚያወጣው ሲደመር ትንሽ ገንዘብ አይደለም። በእንቅልፍ ሰዓታችን ሠርተን ያመጣነው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከፍለን የምናገኘው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ አለብን።

ጉዳዩ ደግሞ ሩቅ አይደለም፣ የሰፈራችን ጉዳይ ነው። ኤክስቦክስን የሚሠራው ማይክሮሶፍት ያለው ሬድመንድ ነው። የኒንቴንዶ የአሜሪካ ዋና መሥሪያ ቤትም እዚያው ሬድመንድ ነው። ስቲም የሚባለው ትልቁ የኮምፒውተር ጌም መደብር ባለቤት ቫልቭ ቤልቪው ነው። እኛ የታክሲ ሰዎች ከሲታክ ኤርፖርት ጭነን በ405 ሽቅብ የምናደርሳቸው እንግዶች ብዙዎቹ ወደነዚህ ድርጅቶች የሚሄዱ ናቸው። ተክዊላም በታሪኩ አለችበት፦ ኒንቴንዶ በአሜሪካ የመጀመሪያ ዓመታቱ መጋዘን ተከራይቶ የነበረው እዚያ ነው፤ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ማሪዮም ስሙን ያገኘው ከመጋዘኑ ባለቤት ከማሪዮ ሲጋሊ ነው። እንግዲህ የዲጂታል ጌም ሕግና ደንብ የሚጻፈው በየቀኑ በምንነዳበት መንገድ ዳር ነው ማለት ነው።

«ግዛ» የሚለው ቁልፍ ምን ይሸጣል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱቅ ገብተን ዲስክ ወይም ካሴት ስንገዛ ዕቃው የእኛ ነው። ኢንተርኔት ላይ «ግዛ» የሚለውን ስንጫን ግን የምናገኘው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው። የስቲም ውል ይህንን በግልጽ ይናገራል፦ ጌሙ በፈቃድ የሚሰጥ እንጂ የሚሸጥ አይደለም፤ አካውንቱም ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ለታክሲ ሰው ይሄን ማስረዳት አይከብድም። በሳምንት ሂሳብ የተከራየኸው መኪናና ሊብሬው በስምህ የሆነ መኪና መንገድ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም እኩል ይሄዳሉ። ልዩነቱ የሚታወቀው ባለቤቱ «መኪናዬን መልስ» ያለህ ቀን ነው።

የአሜሪካ ሕግም ሁለቱን ለይቶ ያያቸዋል። በቅጂ መብት ሕግ ውስጥ «የመጀመሪያ ሽያጭ» የሚባል መርህ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1908 በመጽሐፍ ዋጋ ላይ በተነሳ ክርክር ያጸናው ሲሆን፣ ዛሬ በሕጉ አንቀጽ 109 ላይ ሰፍሯል። ሐሳቡ አጭር ነው፦ አሳታሚው አንዴ ከሸጠላችሁ በኋላ ያንን ቅጂ መልሳችሁ ብትሸጡት፣ ብታውሱት፣ ለእህታችሁ ልጅ ብትሰጡት አያገባውም። ያገለገለ ጌም የሚሸጡ ሱቆች የቆሙት በዚህ መርህ ላይ ነው። እዚሁ ሲያትል ኢንተርናሽናል ዲስትሪክት ያለው ፒንክ ጎሪላ አንዱ ነው፤ የድሮ የኒንቴንዶ ካሴቶች ከ30 ዓመት በኋላም ይሸጡበታል፣ ይገዙበታል።

ዲጂታል ፋይል ላይ ግን ይህ መብት የለም። ሬዲጂ የሚባል ኩባንያ ያገለገሉ የሙዚቃ ፋይሎችን ለማሻሻጥ ሞክሮ ነበር። በ2018 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፈረደበት። ምክንያቱ ደግሞ ፋይል ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ሲተላለፍ አዲስ ቅጂ ይፈጠራል የሚል ነው። ስለዚህ 70 ዶላር የገዛችሁትን ዲስክ ልጁ ሲሰለቸው በ30 ዶላር ብትሸጡት ወጪያችሁ 40 ነው። ዲጂታሉ ግን 70 እንደወጣ ይቀራል።

ካሊፎርኒያ ይህንን አይታ ኤቢ 2426 የሚባል ሕግ አውጥታ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። ሻጩ ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ሳይናገር «ግዛ» የሚል ቃል እንዳይጠቀም ይከለክላል። ስቲምም ሕጉ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት፣ በኦክቶበር 2024፣ መክፈያ ገጹ ላይ ማሳሰቢያውን አስቀመጠ። ልብ በሉ፣ ሕጉ ባለቤት አያደርጋችሁም። ባለቤት አለመሆናችሁን እንዲነግሯችሁ ብቻ ነው የሚያስገድደው።

ሲወሰድ አይተናል

«ይሄ ወረቀት ላይ ነው እንጂ ማን ይወስድብናል?» የሚል አይጠፋም። እስቲ የሆነውን እንመልከት። በ2009 የሲያትሉ አማዞን ሰዎች ገዝተው ኪንድል ላይ ያስቀመጧቸውን የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍት ከሩቅ አጠፋ። የሸጠላቸው አካል የማሳተም መብት አልነበረውም ተብሎ ነው። ገንዘቡ ተመለሰ፣ ጄፍ ቤዞስም ይቅርታ ጠየቀ፤ መጽሐፉ ግን ማታ የነበረው ጠዋት የለም። በ2019 ማይክሮሶፍት የኢ-መጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ ደንበኞች የገዟቸው መጻሕፍት ሁሉ መነበብ አቆሙ። ለእነሱም ገንዘብ ተመልሷል።

ጌም ላይ ስንመጣ፣ ኒንቴንዶ ማርች 27 ቀን 2023 የዊ ዩ እና የ3ዲኤስ መደብሮቹን ለአዲስ ግዢ ዘጋ። በዲጂታል ብቻ ይሸጡ የነበሩ ጌሞችን ከዚያ ቀን ወዲህ ከመደብሩ መግዛት አይቻልም። የኤክስቦክስ 360 መደብርም በጁላይ 2024 ተዘጋ። በማርች 2024 ደግሞ ዩቢሶፍት ዘ ክሩ የሚባለውን የመኪና ጌም ሰርቨር ሲያጠፋ የከፈሉት ሁሉ መጫወት አቆሙ። በዚህ ተቆጥተው ነው በአውሮፓ «ጌሞችን መግደል አቁሙ» የሚለውን ዘመቻ የጀመሩት። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡ ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ ገበያ ላይ አይገኙም ብሏል።

ይሄ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። አምሃ እሸቴ በ1969 የሸክላ ማሳተም ሥራውን ጀምሮ በ1975 አገር ጥሎ ሲወጣ የዚያ ዘመን ሙዚቃ አብሮ ሊጠፋ ይችል ነበር። የተረፈው ሸክላውና ቴፑ በሰው እጅ ስለነበረ ነው። ከ1997 ጀምሮ ፓሪስ ውስጥ ኢትዮፒክስ በሚል ተከታታይ ሲዲ ዓለም የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ሸክላው አንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሰርቨሩን የዘጋው ሰው ታሪኩንም ይዘጋው ነበር። እዚህ ሲያትል ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት ያለው ስኬርክሮው ቪዲዮም ከ140 ሺህ በላይ ፊልሞችን በዲስክና በካሴት ይዞ የቀጠለው ለዚህ ነው፤ ኔትፍሊክስ ላይ የሌለውን ፊልም እዚያ ታገኙታላችሁ።

ዲስኩም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይደለም

እውነቱን እንናገር ከተባለ ዲስክ የያዘ ሁሉ ጌሙን ይዟል ማለት አይደለም። በ2022 የወጣው የፕሌይስቴሽን 5 ኮል ኦፍ ዱቲ ዲስክ ላይ የነበረው 70 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነበር፤ የቀረው በኢንተርኔት ይወርዳል። በጁን 2025 የወጣው ኒንቴንዶ ስዊች 2 ደግሞ «የጌም ቁልፍ ካርድ» የሚባል አመጣ፦ ካርዱ ውስጥ ጌሙ የለም፣ የማውረጃ ቁልፍ ብቻ ነው። መሸጥ ይቻላል፣ ማውረጃው የተዘጋ ቀን ግን ፕላስቲክ ነው።

ከሁሉ የሚያስተምረን እዚሁ ቤልቪው የተሠራው ኮንኮርድ ነው። ፋየርዎክ የሚባለው ስቱዲዮ ሠርቶት ሶኒ ኦገስት 23 ቀን 2024 በ40 ዶላር አወጣው። ተጫዋች አጣ። ሴፕቴምበር 6 ላይ፣ በ2 ሳምንት ውስጥ፣ ተዘጋ። ሶኒ ገንዘብ መለሰ፤ ዲስኩን የገዛውም ያወረደውም እኩል ባዶ እጁን ቀረ፤ ስቱዲዮውም በኦክቶበር ተዘጋ። ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ጌም ዲስክ ኖረውም አልኖረውም ያው ነው።

ዲጂታሉም የራሱ ጥቅም አለው። አይጫርም፣ ትንሿ ልጅ ፍሪጅ ስር አትከተውም፣ አፓርታማ ስንቀይር ሳጥን አይፈልግም። ስቲም በዓመት ብዙ ጊዜ ትልቅ ቅናሽ ያደርጋል። የስቲም ቤተሰብ የሚባለው አሠራር ደግሞ እስከ 6 የቤተሰብ አባላት ጌሞችን እንዲጋሩ ይፈቅዳል። ትናንሽ ስቱዲዮዎች የሚሠሯቸው ብዙ ጥሩ ጌሞች በዲስክ ጭራሽ አይወጡም።

አገር ቤት ለምትልኩ

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ብዙዎቻችን ለወንድም ልጅ፣ ለእህት ልጅ ኮንሶል ገዝተን በሰው እጅ እንልካለን። እዚህ ጋ ነው ምርጫው በጣም የሚለየው። አዲስ አበባ ያሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ለዓመታት የሠሩት በዲስክ ነው፤ ልጁ ሳንቲሙን ከፍሎ ኳሱን ይጫወታል፣ ኢንተርኔት ማንም አልጠየቀውም። ሶኒ ለኢትዮጵያ የከፈተው የፕሌይስቴሽን መደብር የለም። አንድ አዲስ ጌም ደግሞ 100 ጊጋባይት ሊደርስ ይችላል፤ ያንን በሞባይል ዳታ ማውረድ የአንድ ቤተሰብ የወር አስቤዛ ሊበላ ይችላል። በዚያ ላይ ኢንተርኔቱ ራሱ ይዘጋል። በ2020 በመላው አገሪቱ ለ3 ሳምንት ገደማ ተዘግቶ ነበር፣ በአማራ ክልልም ከኦገስት 2023 ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጧል። ጎንደር ላለ ልጅ ዲስክ የሌለው ኮንሶል መላክ ነዳጅ በሌለበት አገር መኪና እንደመላክ ነው።

ስለዚህ ስትገዙ ሳጥኑን አንብቡ። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ዲስክ ማስገቢያ የለውም። የፕሌይስቴሽን 5 ዲጂታል እትም በ2020 ሲወጣ 399 ዶላር፣ ዲስክ ያለው 499 ነበር። ያ 100 ዶላር ቅናሽ ይመስላል፤ ያገለገለ ዲስክ ሦስትና አራት ጊዜ ስትገዙ ግን ተመልሶ ይገባል። የአዲሱ ቀጭን ፕሌይስቴሽን 5 ዲስክ ማጫወቻ ለብቻው ተገዝቶ የሚገጠም ከሆነ፣ መጀመሪያ ሲገጠም ኢንተርኔት ይፈልጋል። ስለዚህ እዚሁ ገጥማችሁ፣ ኮንሶሉን አዘምናችሁ፣ ጌሙን ጭናችሁ፣ ኢንተርኔቱን አጥፍታችሁ ሞክሩት። ያኔ ከሠራ ሻንጣ ውስጥ ይግባ።

እዚህ ላለነው

ታሪኩን ተከትሎ ለብቻ የሚጫወቱት፣ ሲያልቅ ተረኛ ልጅ የሚጫወተው ወይም የሚሸጥ ጌም ከሆነ ዲስኩን ግዙ። ከጓደኛ ጋር በኢንተርኔት ብቻ የሚጫወቱት ከሆነ ዲስክ ፍለጋ አትድከሙ፣ በቅናሽ ቀን በዲጂታል ይገዛ። ሱቅ ውስጥ የስዊች 2 ካርድ ስታነሱ ሽፋኑ ላይ ማውረድ ያስፈልጋል የሚል ጽሑፍ እንዳለ እዩ። በኮምፒውተር ለሚጫወት ልጅ ደግሞ ጂኦጂ የሚባል መደብር አለ፤ እዚያ የተገዛውን ጌም መጫኛ ፋይል አውርዶ በራስ ሃርድ ድራይቭ ማስቀመጥ ይቻላል። መደብሩ ቢዘጋም ፋይሉ ከእናንተ ጋር ነው።

አንድ ብዙ ወላጅ የማያስበው ነገር አለ፦ አካውንቱ የማን ነው? ብዙ ልጆች የጌም አካውንታቸውን የሚከፍቱት በትምህርት ቤት ኢሜይል ነው። ልጁ ሲመረቅ ኢሜይሉ ይዘጋል። የይለፍ ቃሉ ሲጠፋ ወይም አካውንቱ ሲሰረቅ ማረጋገጫው የሚላከው ወደ ተዘጋው ኢሜይል ነው። የ8 ዓመት ግዢ፣ የልደት ስጦታው፣ የገና ስጦታው፣ አያቱ የላከችለት ሳይቀር አንድ የጠፋ የይለፍ ቃል ውስጥ ይቀራል። ዲስክ ቢሆን ቢያንስ መደርደሪያ ላይ ይታያል።

ድሮ ወላጆቻችን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉ ነበር። የእኛ ልጆች ላሟን ሰማይ ላይ አስረው ወተቷን እየጠጡ ነው፤ ችግሩ ገመዱ በሌላ ሰው እጅ መሆኑ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ከሥራ ስትገቡ ልጃችሁን «ምን ትጫወታለህ?» ብቻ ሳይሆን «አካውንቱ በየትኛው ኢሜይል ነው የተከፈተው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ የትምህርት ቤት ኢሜይል ከሆነ፣ እራት ሳይቀርብ ቀይሩት።