በሁለት ዲግሪዎች መካከል ያለው የተማሪ ቪዛ ክፍተት

በአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪውን አጠናቅቆ ማስተርሱን ሊቀጥል ያሰበ የውጭ አገር ተማሪ፣ በመካከል ባሉት ወራት በሕጋዊነት የሚቆየው በፓስፖርቱ ላይ በተለጠፈው ቪዛ ሳይሆን ስታተስ በሚባለው፣ ማለትም የተማሪነት ግዴታውን እስከተወጣ ድረስ በሚጸናለት የመቆያ መብት ነው። ቪዛ አገር ለመግባት ብቻ የሚያገለግል በመሆኑ፣ ተማሪው አሜሪካ ውስጥ ሳለ ጊዜው ቢያልፍበት ሕገ ወጥ አያደርገውም፤ ስታተሱ ከተቋረጠ ግን ገና ያላለቀ ቪዛ አያድነውም። አሜሪካ በ2025 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን አብዛኛውን ጊዜያዊ ቪዛ ለሦስት ወር የሚያገለግልና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ስላደረገችው፣ በሁለቱ ዲግሪዎች መካከል ቤተሰብ ለመጠየቅ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ተማሪ እንደገና ኤምባሲ ቀርቦ ቪዛ መጠየቅ ሊኖርበት ይችላል።

ኤፍ-1 በተባለው የተማሪ ስታተስ ላይ ያለ ሰው ትምህርቱን ሲጨርስ 60 የእፎይታ ቀናት ያገኛል። ብዙዎች የሚሳሳቱት በቆጠራው መነሻ ላይ ነው፤ ቀኑ የሚቆጠረው ጋዋን ከሚለበስበት የምረቃ ዕለት ሳይሆን፣ ዩኒቨርሲቲው አይ-20 በተባለው ቅጽ ላይ ካሰፈረው የፕሮግራም ማብቂያ ቀን አንሥቶ ነው። በዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ትምህርቱን ያቋረጠ ተማሪ የሚሰጠው 15 ቀን ብቻ ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ ያቋረጠው ግን ምንም የእፎይታ ጊዜ የለውም።

ከአዲሱ ዩኒቨርሲቲ የመጣ የመቀበያ ደብዳቤም በራሱ ስታተስን አያስቀጥልም። ተማሪው በ60ው ቀን ውስጥ፣ መንግሥት የውጭ አገር ተማሪዎችን የሚከታተልበት ሴቪስ የተባለው የኮምፒውተር መዝገብ ወደ አዲሱ ተቋም እንዲዛወርለት የቀድሞውን ዩኒቨርሲቲ መጠየቅ አለበት፤ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ የትምህርት ደረጃው ተቀይሮ አዲስ አይ-20 ይወጣለታል። አዲሱ ትምህርት ከመዛወሪያው ወይም ከቀድሞው ፕሮግራም ማብቂያ ቀን፣ ከሁለቱ ከቀደመው ጀምሮ በ5 ወር ውስጥ መጀመር ይኖርበታል። በግንቦት ጨርሶ በነሐሴ ለሚጀምር ሰው ይህ አያስቸግርም፤ በታኅሣሥ ጨርሶ እስከ ነሐሴ ለሚጠብቅ ግን ስምንት ወር ስለሚሆን ወይ ከአገር ወጥቶ በአዲስ አይ-20 መመለስ፣ ወይም ክፍተቱን በኦፒቲ መሙላት ይኖርበታል።

ኦፒቲ ተመራቂው በተማረበት ሙያ እስከ 12 ወር እንዲሠራ የሚያስችል ፈቃድ ሲሆን፣ ማመልከቻው ከፕሮግራሙ ማብቂያ 90 ቀን በፊት ጀምሮ እስከ 60ኛው የእፎይታ ቀን ድረስ ይቀርባል። ይሁንና ፈቃዱን ይዞ ያለ ሥራ በድምሩ ከ90 ቀን በላይ መቀመጥ ስታተስን ያሳጣል፤ ከዚህም በላይ የሴቪስ መዝገቡ በተዛወረበት ቀን የሥራ ፈቃዱ አብሮ ያበቃል። ስለዚህ የመዛወሪያውን ቀን ያለ በቂ ምክንያት ቀድሞ ማስያዝ ደመወዝ የሚያስቀር ስሕተት ነው።

የአሜሪካ መንግሥት በኦገስት 2025 ባቀረበው ረቂቅ ደንብ የተማሪዎችን ቆይታ ከአራት ዓመት በማይበልጥ ቁርጥ ጊዜ ለመገደብና 60ውን ቀን ወደ 30 ለማውረድ ሐሳብ አቅርቧል። ስለዚህ ከአንዱ ዲግሪ ወደ ሌላው የሚሸጋገር ተማሪ የፕሮግራሙ ማብቂያ ቀን ከመድረሱ በፊት፣ በተግባር ላይ ያለውን ደንብ ከዩኒቨርሲቲው የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ በጽሑፍ ጠይቆ ይረዳ።